ድንጋዩን ያላወረደው አናጺ

አንድ አናጺ ነበረ። ስመኝ ልጄ፣ «ጠባሳው ከልቤ ሳይጠፋ እህቴን እንዴት ይቅር እላታለሁ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ አይደል? መልሱ ያለው እሱ ዘንድ ነውና ተቀመጪ። «አዎ» ወይም «አይ» ብዬ ልሸኝሽ እችል ነበር፤ ግን አክስትሽ አጭር መልስ ስትሰጥ ማን አይቷት ያውቃል!

ይህ አናጺ እጁ የተባረከ ነበር። የሠራው በር ሲዘጋ አይጮህም። የሠራው በርጩማ የደብሩ አለቃ በሙሉ ሆዳቸው ቢቀመጡበት አያቃስትም። አባቱም አናጺ፣ አያቱም አናጺ፤ ከሰጋቱራ ውስጥ ተወልዶ ከሰጋቱራ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። አንድ ታናሽ ወንድም ነበረው፤ እሱም አናጺ። ታላቁ በመላጊያና በእጅ በሚታሽ ብርጭቆ ወረቀት ያደገ ሲሆን፣ ታናሹ ከተማ ወርዶ ሲሠራ ቆይቶ አንድ የኤሌክትሪክ ማለስለሻ ማሽን ይዞ መጣ። ከሥሩ ክብ ብርጭቆ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ሶኬት ላይ ሰክተው ሲያበሩት ወረቀቱ ይሽከረከርና ጣውላውን እንደ ሕፃን ጉንጭ ያደርገዋል። ታላቁ ግን ማሽኑን አማት ያልመረጠቻትን ምራት እንደምታይ አየው። «እንጨት የሚለሰልሰው በክንድ ነው» ይል ነበር። አንድ ቀን እንኳ ነክቶት አያውቅም።

በአባታቸው ቤት አንድ ጠረጴዛ ነበር። ከአንድ የዋንዛ ግንድ ወጥ ሆኖ የወጣ፣ መጋጠሚያ የማያውቅ ጠረጴዛ። አባትየው ጎጆ ሲወጣ በመጥረቢያ ጠርቦ የሠራው ነው። የዓመት በዓል ድፎ የሚቆረሰው እሱ ላይ ነበር። አባትየው ሲሞትም የተገነዘው እሱ ላይ ነው።

ከተዝካሩ በኋላ ወንድማማቾቹ የአባታቸውን ዕቃ ሊካፈሉ ተቀመጡ። መሣሪያውን ተካፈሉ፣ ጣውላውን ተካፈሉ፣ ዶሮዎቹን ሳይቀር ተካፈሉ። ጠረጴዛው ላይ ሲደርሱ ታላቁ፣ «ይሄ የበኩር ልጅ ድርሻ ነው። አንተ ሌላ ትሠራለህ» አለ። ታናሹ አረቄ ጠጥቶ ነበር። አረቄ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ሽማግሌ አይሰማም። «እንካፈል ካልን እንካፈላ!» ብሎ ጮኸና መጥረቢያውን አንስቶ አወረደው። አንድ ምት ብቻ ነው። መጥረቢያው የጠረጴዛው መሐል ላይ ተሰክቶ ቆመ።

ታናሹ መጥረቢያውን ነቀለ፣ የሠራውን አየ፣ አረቄው ከጭንቅላቱ በኖ ጠፋ። እያለቀሰ ወጣና ወንዝ ማዶ ቤት ተከራይቶ መኖር ጀመረ። ማሽኑን እንኳ ተመልሶ አልወሰደም።

ታላቁ በጠዋት ሲነሳ ከሁሉ አስቀድሞ መዳፉን ጠባሳው ላይ ያደርጋል። ስንጥሩ ይወጋዋል። ይረግማል። ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። ይህንን ቁርስ የለመደ ሰው ልጄ፣ ሌላ ምግብ አይጣፍጠውም። ሚስቱ አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ብታለብስበት ገፎ ወረወረው።

ክረምት በገባ ጊዜ ታናሹ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። የአገሩ ልማድ እንዲህ ነው፦ የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ በበደለው ሰው ደጅ ይቆማል። ድንጋዩን የሚያወርድለት የተበደለው ሰው ብቻ ነው። «ይቅር ብዬሃለሁ» ብሎ በገዛ እጁ ያወርድለታል። ተሸካሚው ሳይወርድለት በራሱ ካወረደው ግን እርቁ ፈረሰ ማለት ነው።

ታናሹ የመረጠው ድንጋይ ትንሽ አልነበረም። ከወንዙ ዳር ያወጣው ጥቁር ድንጋይ ነው። ሽማግሌዎቹ አጥሩን ተደግፈው ተቀመጡ፤ እሱ በሩ ላይ አጎንብሶ ቆመ።

«በደለኛህ ደጅህ ወድቋል» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «በል ልጄ፣ አውርድለት።»

ታላቁ ጋቢውን ለብሶ ወጣ። የወንድሙን አንገት አየ። ልቡ ትንሽ ራራ፤ ራርቶስ ነበር። እጁን ሊዘረጋ ሲል ግን መዳፉ ላይ የጠዋቱ ስንጥር ቆጠቆጠው።

«አወርድለታለሁ» አለ። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን ያንን ጠባሳ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጠባሳው እያለ ይቅር ብያለሁ ብል ውሸቴን ነው። እሱን ልግባና ላጥፋው፤ ከዚያ በንጹሕ ልብ መጥቼ አወርድለታለሁ።»

«ኧረ እንዲህ ያለ እርቅ አላየንም!» አሉ ሽማግሌው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው የሚሉት።»

«አንድ ጭረት ናት እኮ፣ አባባ። ያውም ማሽን አለ። እናንተ አንድ ወግ ሳትጨርሱ እጨርሳለሁ።»

ታናሹ ከድንጋዩ ሥር፣ «ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ» አለ። «ብቻ ጋሼ፣ ማሽኑን ለምደውት አያውቁምና እኔ ልሥራው?»

«አንተማ መጥረቢያውን ለምደኸዋል!» አለው ታላቁ። ገባና በሩን ዘጋው።

ሚስቱ ተከትላው ገባች። «አንተ ሰው፣ ጋቢህን አውልቅ እንጂ! የሚሽከረከር ነገር ጨርቅ ይጎትታል። አፍንጫህንም እሰር፤ ወንድምህ ሲሠራ አፉን ሳይሸፍን፣ ዓይኑ ላይ መነጽር ሳያደርግ ነክቶት አያውቅም። መስኮቱን ልክፈተው?»

«እንዳትከፍቺው። ሥራዬን ቆመው እንዲያዩልኝ አልፈልግም። ሂጂ።»

ሄደች። ምን ታድርግ?

ማሽኑን ጠባሳው ላይ አስቀመጠና፣ እንደተቀመጠ አበራው። ማሽኑ እንደ በቅሎ ዘለለ። ጠረጴዛው ላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠ አዲስ ጭረት አወጣ። አንድ የነበረው ጠባሳ ሁለት ሆነ። በሁለት እጁ አፍኖ ያዘውና ጠባሳው ላይ መልሶ ተጫነው።

ታናሹ ውጭ ሆኖ ድምፁን ይሰማል። ማሽኑ የራሱ ነውና ድምፁን ያውቀዋል፤ ሲሠራ ይዘምራል፣ ሲታፈን ያጓራል። አሁን ያጓራል።

«ጋሼ!» ብሎ ጮኸ። «በአየር ላይ ያብሩትና ቀስ ብለው ያሳርፉት! አይጫኑት፣ የራሱ ክብደት ይበቃዋል!»

«አንተ ድንጋይህን ያዝ!»

«አንድ ቦታ ላይ አያቁሙት! ከዳር እስከ ዳር ይውሰዱት፣ በእንጨቱ መስመር!»

«ጠባሳው ያለው መሐሉ ላይ ነው፤ ዳሩ ምን አደረገኝ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ። «ይሄ ሰው ጥርሱን ሲያመው ድዱን ያስነቅላል» አሉ። ሌሎቹም ሳቁ። ታናሹ ግን አልሳቀም፤ አንገቱ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

የመጥረቢያ ምት ላይ ላዩን አይደለም፣ ወደ ታች ነው። ታላቁ አንድ ፋቀ፣ ጠባሳው አለ። ሁለተኛ ፋቀ፣ አለ። ሻካራውን ወረቀት ትቶ ቶሎ ይለስልስልኝ ብሎ በጣም ደቃቁን ለጠፈ። ደቃቁ ወረቀት በሻካራው የተጫረውን ማጥፋት አይችልም፤ በመሐል መካከለኛው ማለፍ አለበት። ጭረቱ አንጸባረቀ እንጂ አልጠፋም፤ እንደ ተወለወለ ቁስል ሆነ። ተናደደና ወደ ሻካራው ተመለሰ። ወረቀቱን ሲቀይር ሶኬቱን አልነቀለም፤ ክንዱ ማብሪያውን ነካውና ማሽኑ እጁ ላይ ተነሳ። የሦስት ጣቶቹን ጫፍ ላጠው። በጋቢው ጫፍ ጠቀለለና ቀጠለ። ደሙ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ አለ፤ እሱንም ፋቀው።

ክፍሉ በዱቄት ታፈነ። ዓይኑ ቀላ። ሳል ያዘው፤ ሲያስል ከውጭ ይሰማል። «አላልኳችሁም?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ሳሉን ይዞታል።» በዚህ ጊዜ ግን የሳቀ የለም። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳ ነበር። ከተራራው በኩል ደመናው እየጠቆረ ነው።

«ጋሼ፣ ይስሙኝ!» አለ ታናሹ፤ ድምፁ ቀጥኗል። «ጠባሳውን እስከ ሥሩ አያሳድዱት። ዳር ዳሩን ብቻ ያለስልሱት። ከጠረጴዛው የወጣውን ዱቄት በኮላ ይለውሱትና ይሙሉበት። በራሱ ዱቄት ነው የሚሞላው። ይታያል፤ ግን እጅ አይወጋም!»

ማሽኑ ዝም አለ። ታላቁ በሩ አጠገብ መጣና በስንጥቁ በኩል መለሰለት፤ «እንዳይታይ ነው የምፈልገው! ገባህ? ያላደረግከው እስኪመስል ድረስ!»

«አድርጌዋለሁ እኮ፣ ጋሼ» አለ ታናሹ። «ማድረጌንማ ማሽን አያጠፋውም።»

ታላቁ ከበሩ ተመለሰ። ጠረጴዛውን ዞሮ አየው። መሐሉ እንደ ገበታ ጎድጉዷል፤ ዳሩ ግን እንደ አባቱ ዘመን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከጉድጓዱ ሥር ጠባሳው ጥቁር መስመር ሆኖ አሁንም አለ። ያን ጊዜ ቢተወው ኖሮ የሚበላበት ጠረጴዛ ነበረው፤ ይህንን እሱም አወቀ። ግን ይህን ሁሉ ደክሞ፣ ደሙን አፍስሶ፣ «አልጠፋም» ብሎ ሽማግሌ ፊት ሊወጣ ነው? እልህ የያዘው ሰው ወደ ኋላ የሚሄድ እግር የለውም። አበራው። በደረቱ ተኛበት።

መጀመሪያ ጣውላው ጮኸ። ከሥር የቀረችው እንደ ቂጣ የሳሳች እንጨት ተሰነጠቀችና ወደቀች። ማሽኑ በቀዳዳው ጠልቆ ዘለለ፣ የጋቢውን ጫፍ ያዘ፣ ጠቀለለው፣ እየጠቀለለ ወደ አንገቱ ወጣ። ጋቢው ጉሮሮውን አነቀው። ታላቁ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ፤ ሁለተኛው አልወጣለትም።

ታናሹ ድምፁን ሰማ። ስመኝ፣ እዚህ ላይ ስሚኝ። ማሰቢያ ጊዜ አልነበረውም። ድንጋዩን ጣለው። በሩን በትከሻው ሰበረ፣ ሶኬቱን ነቀለ፣ በአባቱ ቢላ ጋቢውን ቀደደ። ወንድሙን ደግፎ አስቀመጠው፤ ፊቱን በመዳፉ ጠረገለት። ሽማግሌዎቹ ተሯሩጠው ገቡ።

ታላቁ ትንፋሹ ሲመለስለት በመጀመሪያ ያየው ቀዳዳውን ነው። ብርሃን በጠረጴዛው መሐል አልፎ ወለሉ ላይ ወድቋል። ቀጥሎ ወንድሙን አየ፤ አንገቱ ባዶ ነው። በተሰበረው በር በኩል ድንጋዩን አየው፤ ደጁ ላይ ተጥሏል።

እንግዲህ አንድ ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚለው ነገር ስንት ነበር! እሱ ግን፣ «ማን አውርድ አለህ?» አለው።

«አንተ!» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «አንገትህን ነው የፈታልህ!»

«ልማዱ ልማድ ነው። እኔ ሳላወርድለት አውርዷል። ጠባሳውም አልጠፋም።»

ታናሹ አየው። ብዙ አየው። ከዚያ፣ «ልክ ነዎት፣ ጋሼ» አለ። ወጣ፣ ድንጋዩን አነሳ፣ መልሶ አንገቱ ላይ አደረገ። «ሲጠፋ ይጥሩኝ» ብሎ ጎንበስ እንዳለ ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ ያዘ። ሽማግሌዎቹ ተጣሩ፤ አልዞረም። ታላቁም መሄዱን ያያል፤ «ቆይ» ማለት ይችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ጉሮሮው ታንቆ ነበርና አልወጣልኝም ይላል፤ እኔ እንጃ። «ማን አውርድ አለህ» ለማለት ግን ወጥቶለታል።

ከተራራው ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ሞልቷል። እዚያ ወንዝ ላይ ድልድይ የለም፤ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ነው የሚሻገሩት። ማዶ የነበሩ ሰዎች አዩት። ድንጋይ እንደተሸከመ ውኃው ውስጥ ገባ። ወገቡ ላይ ሲደርስ ተንገዳገደ።

«ጣለው!» ብለው ጮኹበት። «ድንጋዩን ጣለው!»

አልጣለውም። በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘው። አንድ ጊዜ ጥሎት ምን እንደተባለ ያውቃላ! ውኃው ከነድንጋዩ ወሰደው።

በማግስቱ ከወንዙ መታጠፊያ አወጡት። የእድሩ ሰዎች አስከሬኑን ይዘው ወንድሙ ደጅ መጡ፤ አናጺ ያለበት ቤት ሳጥን ከሌላ አይለመንም። በክረምት ደግሞ ደረቅ ጣውላ የለም። ታላቁ የሥራ ቤቱን ዞሮ ፈለገ። ለግድግዳውና ለወለሉ ቁርጥራጭ ገጣጠመ። ለክዳን የሚሆን ግን አንድ ብቻ ነበር።

ጠረጴዛውን ከእግሮቹ ቆርጦ ለየው።

ጋቢውን አወለቀ። እጅጌውን ሰበሰበ፣ አፍንጫውን አሰረ፣ የወንድሙን መነጽር ዓይኑ ላይ አደረገ፣ መስኮቱን ከፈተ። ሶኬቱ ተነቅሎ እያለ ወረቀቱን ለጠፈ። ማሽኑን በአየር ላይ አበራው፣ ቀስ ብሎ አሳረፈው፣ አልተጫነውም። ከዳር እስከ ዳር በእንጨቱ መስመር ወሰደው። ከሻካራው ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ደቃቁ አለፈ። ማሽኑ ዘመረ። ውጭ የነበሩት ሽማግሌዎች ድምፁን ሰምተው አንገታቸውን ደፉ። ወንድሙ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ የጮኸለትን አንዱንም አልረሳም ነበር፤ ሰምቶታል ማለት ነው። ያን ጊዜም እየሰማው ነበር።

የወጣውን ዱቄት ሰበሰበ። በኮላ ለወሰው። ከዚያው ጠረጴዛ የወደቀችውን ስንጣሪ በቀዳዳው ሥር አጣብቆ፣ በዱቄቱ ሞላው። ኮላው ጠንከር ሲል መዳፉን አሳለፈበት። ይታያል። ከሌላው ይልቅ ጠቆር ብሎ ይታያል። እጁን ግን አልወጋውም።

ቀበሩት። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ቀባሪዎቹ እንደ ወጉ ከመቃብሩ ላይ ድንጋይ መደርደር ጀመሩ። ያን ጊዜ ታላቁ ሰዉን ገፍትሮ ገባ። «አታድርጉበት!» እያለ ጮኸ። «አውርዱለት! እኔ ነኝ የማወርድለት!» ድንጋዩን አንድ በአንድ በቆሰለ እጁ እያነሳ ጣለ። ሰዎች ይዘው ወሰዱት። ድንጋዩን መልሰው ደረደሩት፤ መቃብር ያለ ድንጋይ አይተውማ፣ ጅብ አለ።

በቃ። ይኸው ነው ልጄ፤ ዓይንሽን ጥረጊና እይኝ።

እህትሽ በሠርግሽ ቀን ሰው ፊት የተናገረችሽ ቃል መጥረቢያ ነበር። አልክድም፤ እዚያው ነበርኩ፣ እኔንም አሞኛል። ታዲያ አንቺ ከዚያ ወዲህ ምን አደረግሽ? ጠዋት ስትነሺ መዳፍሽን እሱ ላይ ታደርጊያለሽ። ማታ እሱን ታወሪያለሽ። በታመምሽ ጊዜ እሷ ማስታመሟ፣ እናታችሁ ስትሞት አቅፋሽ ማደሯ፣ ያ ሁሉ የጠረጴዛው ዳር ነው፤ አትነኪውም። መሐሉ ላይ ብቻ ትጫኛለሽ። ጠባሳውን እያጠፋሁ ነው ትያለሽ፤ እህትሽን ነው እያሳሳሻት ያለሽው። አንድ ቀን ቀዳዳ ይሆናል።

አይጠፋም፣ ስመኝ። «ሲጠፋ ይቅር እላለሁ» ያለ ሰው ሳጥን ነው የሚሠራው። የእናንተን ቁስል የሚሞላው ከራሳችሁ የወጣው ነው፤ አብራችሁ የበላችሁት፣ አብራችሁ ያለቀሳችሁት። ሙይበት። ይታይ! ጠቆር ብሎ ይታይ፣ ምን ቸገረሽ? አይውጋሽ እንጂ።

ለምን ይሆን ዛሬ በሬን ያልዘጋሁት? አላየሻትም እንጂ እህትሽ አጥሩ ሥር ቆማለች። እኔ ነኝ የጠራኋት፤ ከፈለግሽ ኋላ ተቆጪኝ። ድንጋይ አልያዘችም። የዛሬ ልጆች አይሸከሙም ትያለሽ፤ አንገቷን እይው እስቲ፣ ቀና ብሎ ያውቃል?

ተነሺ። ደመናው ጠቁሯል፣ እሷም ወንዝ ማዶ ነው ቤቷ። ሳትሻገር ድረሺና አውርጂላት።